78 ዙር ሰልፍ

ታናሽ ወንድሜ የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ወዳጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የሞናኮው ውድድር የተካሄደ እሁድ ሪሞቱን ወርሶ ሶፋው ላይ ተሰየመ። «ጋሼ፣ ይሄን ካላየህ ምንም አላየህም» አለኝ። እናታችን ቡና ትቆላለች።

ገና በመጀመሪያው ዙር ሦስት መኪኖች ተላተሙ። አንደኛው ብትንትኑ ወጣ። እናቴ ምጣዱን ትታ እያማተበች መጣች። ሾፌሮቹ በሰላም ወጡ፣ ውድድሩም በቀይ ባንዲራ ቆመ። ለካ አይተን ጨርሰናል!

ነገሩ እንዲህ ነው። በደንቡ እያንዳንዱ ሾፌር ቢያንስ አንዴ የጎማ ዓይነት መቀየር አለበት። መበላለጥ የሚመጣውም ብዙውን ጊዜ በዚያ ነው። ውድድሩ ሲቆም ግን ጎማ መቀየር ይፈቀዳል። አብዛኞቹ ቆመው ቀየሩና ግዴታቸውን ተገላገሉ። የቀራቸው ሥራ ያንኑ ጎማ እስከ 78ኛው ዙር ማድረስ ነው። ጎማ ደግሞ የሚቆጠበው ቀስ ብሎ በመንዳት ነው። የዓለም ፈጣን መኪኖች ለጎማ ሲሳሱ አየሁ! የእኛ ሰፈር ሚኒባስ፣ ጎማው እንደ መላጣ እያብለጨለጨ፣ እንዲህ አይጠነቀቅም።

«ታዲያ የኋላው ለምን አያልፍም?» አልኩ።

«በየት በኩል?» አለ ወንድሜ። እውነቱን ነው። መንገዱ የከተማ መንገድ፣ ግራ ቀኙ ብረት፤ የዚያ ዓመት መኪና ወርዱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ ከ5 ሜትር በላይ። በዚያ ላይ የፊተኛው አየሩን ያተራምስበታል። ጠጋ ሲል መኪናው መንገዱን በደንብ አይዝለትም።

አቦል ተቀዳ። «ማን ይመራል?» አለች እናቴ። ሌክሌር። ቶና ተቀዳ። ሌክሌር። በረካ ላይ ስኒዋን አስቀመጠችና፣ «ልጄ፣ ይሄ ሰልፍ አይደለም እንዴ?» አለች።

«እማዬ፣ ስትራቴጂ ነው!»

የታክሲ ሰልፍ እንኳ ከዚህ የተሻለ ነው። ቢያንስ «ዘመዴ ቦታ ይዞልኛል» ብሎ የሚገባ አይጠፋም።

ወንድሜ ተናደደ። «10 ሺህ ሜትርስ? 25 ዙር መዞር አይደል? ለእሱ ሲሆን ትጮሃላችሁ!»

ጥያቄው ጥሩ ነበር። መልስ ሳሰላስል እናቴ ቀደመችኝ። «የኃይሌ ፊት ይታያላ! እነዚህ ድስት ደፍተው በምን ልወቃቸው?»

እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። ጥርሱን ሲነክስ እኛም ሳሎን ውስጥ ነክሰናል። እዚህ ግን የሚታገለውም የሚያንቀላፋውም ከውጭ አንድ ነው። ፍጥነቱ ራሱ ቲቪ ላይ ይሞታል፤ ካሜራው አብሮ ስለሚዞር መኪናው የቆመ ይመስላል።

ስድስተኛ ላይ ያለው ቬርስታፐን በሬዲዮ አንድ ነገር ተናገረ። ወንድሜ እያፈረ ተረጎመልን፦ ሰውዬው ሰልችቶት፣ ትራስ ይዤ መምጣት ነበረብኝ ብሏል። ሾፌሩ! እየነዳ!

ከዚያ በኋላ ሳሎኑ ጸጥ አለ። ከፊት የተነሱት 10 ሾፌሮች በተነሱበት ቅደም ተከተል ገቡ፤ አንድም የተለወጠ የለም። ዞር ስል ወንድሜ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። እናቴ ቀስ ብላ ትራስ አመጣችና ከራስጌው አደረገችለት።

«ማን አለፈ?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ማንም፣ ተኛ።»