ሳቫና ዛፍ የጎደለው ደን አይደለም

ሰሞኑን ስለ ዛፍ ተከላ በተካሄደ አንድ ውይይት ላይ አንድ ተናጋሪ፣ ሳቫና (ሣርና የተበታተኑ ዛፎች አብረው የሚኖሩበት ገላጣ ምድር) ሰው ጨፍጭፎና አቃጥሎ ያራቆተው ደን ስለሆነ በችግኝ መሸፈን የተወሰደበትን መመለስ ነው ሲሉ ተናገሩ፤ ከተሰብሳቢውም ሞቅ ያለ ጭብጨባ ተቸራቸው። ያበሳጨኝ ጭብጨባው ነው። አንድ ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ነገር ግን ከምድር የየብስ ስፋት አንድ አምስተኛ ያህሉን ስለሚሸፍን ሥርዓተ ምህዳር የተነገረ መሠረተ ቢስ ቃል ያለ አንዳች ጥያቄ ሲያልፍ፣ ችግሩ የተናጋሪው ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ የተራቆተ ደን የሚለውን እንያዝ፤ ከክርክሩ ሁሉ ደካማው እርሱ ነውና። ሞቃታማውን ሳቫና የሚሸፍኑት ፀሐይ ወዳድ ሣሮች በሰፊው መስፋፋት የጀመሩት ከ8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ የእኛ ዝርያ ዕድሜ ግን 300,000 ዓመት ገደማ ነው። ገና ያልተፈጠረ ሰው ደን ጨፈጨፈ ብሎ መክሰስ እንዴት ይቻላል? ሴራዶ በሚባለው የብራዚል ሳቫና ግንዳቸውን አፈር ውስጥ ቀብረው ከመሬት በላይ ቅጠልና ቅርንጫፍ ብቻ የሚያወጡ ዕፅዋት አሉ። ይህ እሳትን ለረጅም ዘመን ከለመደ ገላጣ ምድር እንጂ ትናንት ከተመነጠረ ደን የሚገኝ ተፈጥሮ አይደለም።

ዛፍና ሣር አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ እንዴት አብረው ይኖራሉ የሚለው ግን ብርቱ ጥያቄ ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሃይንሪክ ዋልተር ሣር የላይኛውን አፈር እርጥበት፣ ዛፍ ደግሞ የጥልቁን እንደሚጠጡ አስረድቶ ነበር። ማብራሪያው የተወሰነ እውነት አለው፤ ችግኝ ግን ጥልቅ ሥር ይዞ አይበቅልምና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሣሩ ጋር የሚታገለው እዚያው ላይኛው አፈር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ፣ 854 የአፍሪካ ሳቫና ቦታዎችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ ዓመታዊ ዝናቡ ከ650 ሚሊ ሜትር ገደማ በታች በሆነበት ቦታ ዛፉን የሚገታው የውኃ እጥረት ራሱ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ዝናቡ ዛፉ ሁሉን እንዲሸፍን ስለሚፈቅድ፣ ሣሩን ከጥላ የሚያድኑት እሳትና ዕፅ በል እንስሳት ናቸው።

እሳት ሲባል ብዙ ሰው ጥፋትን ብቻ ያስባል፤ ያለ እሳት ግን ሳቫናን መረዳት አይቻልም። በዝናብ ወራት ያደገው ሣር በበጋ ደርቆ ማገዶ ይሆናል። እሳቱ ሲመጣ የችግኙን ግንድ እስከ መሬት ያቃጥለዋል፤ ሥሩ ግን ተርፎ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በዚህ ዓይነት አንድ ችግኝ ቁመት ሳይጨምር ለዐሥርተ ዓመታት ሲቃጠልና ሲያቆጠቁጥ ሊኖር ይችላል። እሳት ያልጎበኛቸው ጥቂት ዓመታት አግኝቶ ሦስት ሜትር ገደማ ከደረሰ ግን ነበልባሉ ከጫፉ አይደርስምና አመለጠ። ሣሩ በበኩሉ ሕይወቱ ከአፈር በታች ስለሆነ ከእሳት በኋላ በሚመጣው ዝናብ ይለመልማል፤ እርሱን የሚገድለው ጥላ ነው። ዛፎች ቅርንጫፋቸውን ካገጣጠሙ ሣሩ ይጠፋል፤ ሣሩ ሲጠፋ እሳቱ የሚጓዝበትን ያጣል፤ እሳቱ ሲቀር ደኑ ይጸናል። ከ1,000 እስከ 2,500 ሚሊ ሜትር በሚደርስ ተመሳሳይ ዝናብ ሥር አንዱ ቦታ ደን፣ ሌላው ሳቫና ሆኖ የሚገኘውም ለዚህ ነው። ዝናቡ ይበቃልና እዚህ ደን መኖር ነበረበት የሚለው ሙግት በዚህ ፊት አንድ እርምጃ መራመድ አይችልም።

በምሥራቅ አፍሪካ የሚገኘው የሴሬንጌቲ ሳቫና ታሪክ ደግሞ ነገሩን ገልጦ ያሳያል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ደስታ የተባለው የከብት ወረርሽኝ ከብቱንና የዱር ሰኮናማ እንስሳቱን ፈጀ። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአካባቢው ያሉ ከብቶች ሲከተቡ በሽታው ከዱር እንስሳቱም ጠፋ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሩብ ሚሊዮን ገደማ የነበረው የዊልደቢስት (በመንጋ የሚጓዝ ሣር በል የዱር እንስሳ) ቁጥርም በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነ። መንጋው ሣሩን ጋጠው፤ የሚቃጠለው መሬት ስፋት ቀነሰ፤ ዛፎቹም በዙ። አንድም ችግኝ ሳይተከል፣ የከብት ክትባት የዛፉን ብዛት ለወጠ! ይህን የመሰለ ረቂቅ ትስስር ጉድጓድ ቆፍሮ ችግኝ በመቁጠር ሊተካ ይችላል ብሎ ማሰብ ድፍረት ነው።

ስሕተቱ በካርታና በትርጓሜም ውስጥ ተቀብሯል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ትርጓሜ ከግማሽ ሄክታር በላይ የሆነ፣ ዛፎቹ ከ5 ሜትር በላይ የሚደርሱ፣ ጥላቸውም ከመሬቱ 10 በመቶ በላይ የሚሸፍን ቦታን ደን ይለዋል። በዚህ መለኪያ ዛፍ የተበታተነበት ጤነኛ ሳቫና ደን ተብሎ ይመዘገባል፤ ቀጥሎም እንደ ደን ሲታይ ጎዶሎ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 900 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ተጨማሪ የዛፍ ሽፋን ሊኖር ይችላል ያለው ጥናትም ሳቫናንና የሣር ምድርን በመቁጠሩ ከብዙ ተመራማሪዎች ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል።

በእርግጥ ደን የነበረና የተመነጠረ መሬት አለ፤ እዚያ ይተከል። ሳቫና ላይ የሚተክል ግን የጅረቱን ውኃ ይቀንሳል፣ በሣሩ ሥር አፈር ውስጥ የተከማቸውን ካርቦንም ከቁም ነገር አይቆጥርም። እ.ኤ.አ. እስከ 2030 በአፍሪካ 100 ሚሊዮን ሄክታር መሬት እንዲያገግም ቃል ተገብቷል፤ በጥላ የጠፋ የጥንት ሣር ምድር ግን ተከላው ቢነቀል እንኳ የቀድሞ ዝርያዎቹን መልሶ ለማግኘት ቢያንስ መቶ ዓመት፣ አንዳንዴም ሺህ ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ቦታው በእውነት ደን እንደነበረ የማስረዳት ግዴታው የተካዩ ነው፤ እስኪያስረዳ ድረስ ችግኙን ከሳቫናው ያርቅ።