«አቦ፣ ማንጎው በስንት ነው?»

ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ በጋሪ ይዤ ከግቢ የወጣሁ ቀን፣ ሃምሳ ሜትር እንኳ ሳልሄድ አንድ የባጃጅ ሹፌር አጠገቤ ቀዝቀዝ አለና «አቦ፣ ማንጎው በስንት ነው?» አለኝ። ሳቅሁ እንጂ ምን እላለሁ። ድሬዳዋ ላይ ወንድ ጋሪ ሲገፋ ከታየ የጫነው ወይ ማንጎ ነው፣ ወይ ዘይቱን፣ ወይ የውሃ ጀሪካን። አራት ወር ያልሞላት ሕፃን ናት ብሎ ማን ይጠርጥር?

ያ ቀን አንድ ዓመት ተኩል አለፈው። ዛሬ የልጅ ጋሪ በየሰፈሩ በዝቷል። አንዳንዱ ስትሮለር ይለዋል፣ አንዳንዱ በቀጥታ ጋሪ። ዘመድ ከውጭ ይልካል፣ ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ውስጥ ይሸጣል፣ በቴሌግራም ያገለገለ ይወጣል። ልጅ የሚጠብቁ ጓደኞቼም ፎቶ ይልኩልኝና «የቱ ይሻላል?» ይሉኛል። ፎቶው ላይ ጎልቶ የሚታየው ቀለሙና የኩባያ ማስቀመጫው ነው፤ ጎማው ብዙ ጊዜ ተቆርጧል። እኔ ደግሞ የምጠይቃቸው የጎማውን ፎቶና የሰፈራቸውን መንገድ ነው። ከቤታችሁ እስከ ጤና ጣቢያ፣ እስከ ገበያ፣ እስከ እናታችሁ ቤት ያለው መሬት ምንድን ነው? አስፋልት ነው? ኮብልስቶን? አሸዋ? ይህን ሳያውቁ ጋሪ መግዛት የእግር ቁጥር ሳያውቁ ጫማ እንደ መግዛት ነው።

ደርሶብኝ ነው የምለው። የመጀመሪያዋን ጋሪ እህቴ ናት ከውጭ የላከችልን፤ እጇ ይባረክ። ታምራለች። ሰማያዊ ናት፣ ስትታጠፍ ቀጭ ትላለች፣ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አይቶ መርቆልናል። እግሯ ግን የመዳፍ ግማሽ የምታህል የፕላስቲክ ጎማ ናት፣ ከፊት ጥንድ ጥንድ ሆና በየአቅጣጫው የምትሽከረከር። ከዚራ ሰፈር አስፋልቱ ላይ በአንድ ጣት ስገፋት ደስ አለኝ። ከዚያ ወንዙን ተሻግሬ ወደ መጋላ ሰፈር ልሄድ ስል በድልድዩ መዞር ሰለቸኝና በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላቋርጥ አልኩ። (የድሬ ሰው እዚህ ጋ እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ።) አሥር እርምጃ ሳልሄድ የፊቱ ጎማ አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። ጋሪዋ በአፍጢሟ ልትደፋ ስትል ልጄን የያዘልኝ ቀበቶው ነው። የቀረውን መንገድ ልጅ በአንድ እጅ፣ ጋሪ በሌላው እጅ ይዤ፣ በላብ ተጠምቄ ወጣሁ። አንዱ ከማዶ ሆኖ «አባ፣ እሱ ነው የሚጭንህ አንተ ነህ የምትጭነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ምስጢሩ ጎማው ላይ ነው። ትንሽ ጎማ ክብደቱን ሁሉ ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚጥል አሸዋውን ይቆፍራል፤ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ በድንጋዮቹ መሃል ያለው ክፍተት ይይዘዋል። ትልቅ ጎማ ያንኑ ክፍተት ሳያውቀው ያልፋል። ስለዚህ ሰፈራችሁ ድንጋይ ወይም አፈር ከሆነ ቢያንስ የኋላዎቹ ጎማዎች ከስንዝር ያላነሱ ይሁኑ። የፊቶቹ ደግሞ መዞራቸውን የሚያቆም መቆለፊያ ይኑራቸው፤ ሸካራ መንገድ ላይ ሲቆለፉ ጋሪው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በአየር የሚነፋ ጎማ ምቾቱ ሌላ ነው፣ ልጅም ሳትነቃ ትሄዳለች፤ ግን እሾህ አለ። ሁለተኛውን ጋሪያችንን፣ አሁን ያለውን ማለቴ ነው፣ ጎሚስታ ጋ ስወስደው ጎሚስታው የምቀልድበት መስሎት ነበር። በኋላ ከመነዳሪውን አውጥቶ እንደ ብስክሌት ለጠፈልኝ። መለጠፍ የማትወዱ ከሆነ ደፍኑን ጎማ ውሰዱ፤ ትንሽ ይንጣል እንጂ አይፈነዳም።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ስህተቴ ልምጣ። ያቺ ሰማያዊ ጋሪ መቀመጫዋ ወደ ኋላ የሚለቀው ትንሽ ብቻ ነበር። አማቴ ገና ስታያት «ልጄ፣ አንገቷ ሳይጠና ምን ያስቸኩላችኋል?» አለችኝ። እኔ የድሮ ሰው ፍርሃት መስሎኝ ነበር። ትክክል ነበረች። ጨቅላ ሕፃን ጋሪ ውስጥ ጀርባው ተዘርግቶ መተኛት አለበት፤ ጎበጥ ብሎ ከተቀመጠ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ይወድቅና ትንፋሹን ሊያጠብበት ይችላል። ቀጥ ያለ መቀመጫ ብቻ ያላቸው ጋሪዎች አብዛኞቹ ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ ነው የተሠሩት፤ ካርቶኑ ላይም ተጽፏል፣ ማን ያነበዋል እንጂ። እንግዲህ ገንዘባችሁ አንድ ጋሪ ብቻ ከሆነ የሚገዛው፣ ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋውን ፈልጉ። ካልተገኘ አትጨነቁ። እዚህ አገር ስድስት ወር ሙሉ ልጅ በእቅፍና በአንቀልባ ነው የሚያድገው፣ አያት አለች፣ አክስት አለች፣ የግቢው ሰው ሁሉ ተቀባይ ነው። በወሊድ ሰሞን በጋሪ ወጪ መጨናነቅ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ነጋዴዎች ይቅር በሉኝ።

ስለ ፀሐይ ደግሞ ሳልናገር አላልፍም፤ ድሬ ላይ ከጎማ ቀጥሎ፣ ምናልባትም ከጎማ በፊት፣ የሚመጣው ጥላው ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀኑ ከ35 ዲግሪ በላይ መውጣቱ ለእኛ ወሬ አይደለም። ጋሪ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ከእኛ በታች ነው ያለው፤ ከአስፋልቱ የሚነሳው ወላፈን መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው፣ የባጃጁ ጭስም እንደዚያው። ጥላው እስከ ልጁ ጉልበት የሚወርድ፣ ከኋላው በመረብ የሚከፈት መስኮት ያለው ጋሪ ካገኛችሁ ያዙት። ጥቁር ጨርቅ ያለውን ተዉት፤ ያምራል ግን ያቃጥላል። የቀበቶው ዘለበት ብረት ከሆነ ፀሐይ ላይ ቆሞ ከነበረ ልጁን ከማስቀመጣችሁ በፊት በእጃችሁ ንኩት።

አንድ ነገር ግን ሁሌ ያጣላኛል። ጋሪውን በነጠላ ወይም በሻሽ ከላይ እስከ ታች መሸፈን። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ግማሹ ለፀሐይ ነው፣ ግማሹ ለዓይን። የጎረቤቴ እናት ልጄን በጋሪ ባዩ ቁጥር «ሸፍናት እንጂ፣ ሰው እኮ ያያታል!» ይሉኛል፤ ነጠላቸውንም አውልቀው ይጥሉባታል። ክፋት የላቸውም፣ ፍቅር ነው። ግን የተሸፈነ ጋሪ ውስጡ አየር አይዘዋወርም፣ ስስ ጨርቅ ቢሆን እንኳ ሙቀቱ ቶሎ ይጨምራል፣ ልጁ ምን እንደሆነም ከውጭ አይታይም። እኛ ድርድር ላይ ደረስን፦ ጥላው ይወርዳል፣ ፊቷ በአየር ይሁን፣ ለዓይኑ ደግሞ እሳቸው ዱዓ ያድርጉላት። እስካሁን ሠርቷል።

ከመሸፈን ይልቅ አጎበር ያዋጣል። ለጋሪ ልኩ የሆነ፣ ጠርዙ ላስቲክ ያለው መረብ አለ፤ ካጣችሁት ሰፊ አሰፉ። ይህን እንደ ቅንጦት የሚያይ ሰው ያለፉትን ወረርሽኞች ረስቷል። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የዴንጊ ትኩሳት እዚሁ ድሬ ላይ ነው የተነሳው። በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ መጥቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው በመገጣጠሚያ ሕመም አልጋ ላይ ጣለ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ነው የምትናደፈው፣ በተለይ ጠዋትና ከመምሸቱ በፊት። እኛ ደግሞ ሙቀቱን ፈርተን ልጅ ይዘን የምንወጣው መቼ ነው? ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊትና ከሰዓት ከአሥራ አንድ በኋላ። በትንኟ ሰዓት ነው የምንንሸራሸረው ማለት ነው።

የባጃጁ ጉዳይም አለ። መኪና ካላችሁ ይህን ዝለሉት። የሌለን ሰዎች ግን ጋሪው በአንድ እጅ ካልታጠፈ፣ ሹፌሩ «ቶሎ በል አቦ» እያለ፣ ልጅ እያለቀሰች፣ መሃል አስፋልት ላይ ስንታገል እንታያለን። ቀላሎቹ ጋሪዎች 6 ወይም 7 ኪሎ ናቸው፣ ትልልቆቹ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ይደርሳሉ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ይህን ቁጥር በደረጃው ያባዛው። እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈውን ዓይነት ያመጣው ኦወን ማክላረን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1965። ሰውየው ስፒትፋየር የተባለውን የጦር አውሮፕላን የማረፊያ እግር የነደፈ ነበር፤ የአውሮፕላን እግር አጣጥፎ መክተት የለመደ እጅ የልጅ ጋሪ ላይ አረፈ። ከእሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1733፣ ዊልያም ኬንት የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ለአንድ መስፍን ልጆች በፍየል የሚጎተት ሠርቶ ነበር። ለድሬ የሚሆነው ይሄኛው ነበር፤ ፍየሉ አለ፣ ካርቶን በልቶ ነው የሚያድር።

ታዲያ ሁሉም ቦታ ጋሪ ይሠራል አልልም። ባለቤቴ የሐረር ልጅ ናት፣ ዘመዶቿ ጀጎል ውስጥ ናቸው። አንድ ጊዜ ጋሪውን ይዘን ወጣን። መኪና ግርግር እስከሚባለው መንገድ ድረስ በሰውና በልብስ ሰፊዎቹ መሃል እየተጋፋንም ቢሆን ደረስን። ከዚያ ወደ ውስጥ ስንታጠፍ መንገዱ እየጠበበ፣ እየወረደ፣ ድንጋዩ እየሾለ መጣ፤ አንድ ቦታ ላይ ከፊታችን የተጫነ አህያ መጣና ማን ይመለስ በሚል ተፋጠጥን። ተመለስን እኛ። ጋሪውን አንድ ሱቅ በር ላይ አስቀምጠን ባለቤቴ ልጅቷን አዝላት ገባች። ጀጎል በእግርና በአህያ ልክ የተሠራ ከተማ ነው፣ እዚያ ጋሪ የሚያስፈልገው ሰው አላየሁም። ሐረር ያላችሁ፣ ከግንቡ ውጭ ካልሆናችሁ በቀር፣ ገንዘባችሁን ለጥሩ ማዘያ አውሉት።

ድሬ ግን ሌላ ናት፤ የሚያበሽቀኝም ይሄ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተወለደች ከተማ ናት። ከዚራን ቀጥ ባሉ ሰፋፊ መንገዶችና በዛፍ ጥላ ነው የዘረጉት፤ መሬቱ ሜዳ ነው። ለልጅ ጋሪ ከዚህ የተመቸ ከተማ ከየት ይመጣል? የእግረኛ መንገዱ ላይ ግን ሱቁ ፍሪጁን አውጥቶታል፣ ሞተር ቆሞበታል፣ የቦይ ክዳን ተሰብሮ ጉድጓዱ አፉን ከፍቷል፣ ጠርዙም ጋሪ ሊወጣበት በማይችል ከፍታ ነው የተሠራው። ስለዚህ ከነልጄ ከባጃጅ ጋር አስፋልት እካፈላለሁ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ይህንኑ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩታል፣ እኔ ያወቅሁት ልጅ ስወልድ ነው። በየማዕዘኑ ጠርዙን ዝቅ ማድረግ የአንድ ግንበኛና የትንሽ ሲሚንቶ ሥራ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ በሚቀጥለው ጥገና ላይ ቢያስብበት።

ሁለተኛ ልጅ ለሚጠብቁ፦ ጎን ለጎን የሚያስቀምጠውን ጋሪ ከመግዛታችሁ በፊት የግቢያችሁን በር በሜትር ለኩ። ወደ 75 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ የብዙ ግቢ ትንሿ በር አታሳልፈውም። መንታ ካልሆነ በቀር እኔ ትልቋን ጋሪ ላይ፣ ትንሹን ጀርባ ላይ ባይ ነኝ። ያገለገለ የምትገዙ ደግሞ ሻጩ ፊት ክፈቱት፣ እጠፉት፣ እንደገና ክፈቱት። ሲከፈት የሚይዘው መቆለፊያ ከላላ ተዉት። ፍሬኑን ረግጣችሁ ግፉት። ቀበቶው በትከሻ፣ በወገብና በእግር መሃል የሚያያዝ ይሁን፣ ስፌቱንም ሳቡ። ስታጥፉት የልጅ ጣት ማጠፊያው ላይ እንዳይኖር፤ ጣት የሚቆርጥ ነገር ነው። እኔ አንዱን ያገለገለ ሳላየው በፎቶ ገዝቼ፣ ፍሬኑ በሽቦ የታሰረ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሻጩ ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሳም። እጀታው ላይ ከቀፊራ ገበያ የሞላችሁትን ዘንቢል አታንጠልጥሉ፤ ልጅ ስታነሱ ጋሪው ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ቲማቲሙም አብሮ።

ልጄ አሁን ጋሪው ላይ መቀመጥ ትታለች። ራሷ መግፋት ነው የምትፈልገው፤ አሻንጉሊቷን ጭና፣ ግቢውን ትዞራለች። ትናንት የጎረቤታችን እናት ቡና እየቆሉ አዩዋትና ምን አሏት? «እሙዬ፣ ማንጎው በስንት ነው?» እሷም ጣቷን ሁለት አድርጋ አሳየቻቸው።