ማስተካከያ፦ ደብረ ብርሃን ለሽያጭ ስለቀረበው የቆየ ባንጆ

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ብርሃን ለሽያጭ ስላቀረብኩት የቆየ ባንጆ (እንደ ጊታር ረጅም አንገት ያለው ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ) ከጻፍኩት ውስጥ ሁለት ነገር ስህተት ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንገቱ ላይ ያለውን ጌጥ «የዝሆን ጥርስ ነው» ብዬ ነበር። አይደለም፤ የባሕር ዛጎል ነው። ትናንት ጠዋት በረንዳ ላይ አውጥቼ ወደ ፀሐይ ዘንበል ሳደርገው የጌጡ ነጭ አበባ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሮዝ ሆነ። እንዲህ ቀለም የሚቀያይረው የዛጎል ውስጠኛው ገጽ ነው። የዝሆን ጥርስ በየት ቢያዞሩት እንዲህ አያደርግም።

«ባለ 4 ክር ነው፣ ጎኑ ላይ ያለው መቃኛ በኋላ የተጨመረ ነው» ያልኩትም ልክ አይደለም። ባለ 5 ክር ነው። አምስተኛዋ ክር አጭር ናት፤ ከአንገቱ ጎን፣ 5ኛው ፍሬት (አንገቱን አቋርጦ የተተከለው ቀጭን ብረት) አጠገብ ትጀምራለች። እሷ ተበጥሳ ስለነበር ነው የተሳሳትኩት። መቃኛው ከመጀመሪያውም የራሱ ነው።

ፊቱ ቆዳ መሆኑ ትክክል ነው። የኛ አገር የክረምት ጉም ሲገባ ግን ይረግባል፣ ድምፁም ይታፈናል። ልክ እንደ ማሲንቆ ደረቅ ቦታ ይፈልጋል።

ከደብረ ሲና ቀብድ የላኩልኝ ወንድሜ፣ የፈለጉት ለዝሆን ጥርሱ ብለው ከሆነ ቀብድዎን ሳልቀንስ እመልሳለሁ።