ከመወጣጫ ላይ የወደቀ ሰው አሠሪው ማን ነው?

አንድ የለሳን (የግድግዳ ልስን) ሠራተኛ ባለፈው ዓመት የጥብቅና ቢሮዬ መጥቶ ነበር። ክራንቹን ከወንበሩ ጎን አስደግፎ ከፌስታሉ ውስጥ የራጅ ፊልም፣ የመድኃኒት ማዘዣዎችና በአራት የታጠፈ አንድ ወረቀት አወጣ። የወደቀው ከሦስተኛ ፎቅ ከፍታ ነው። የቆመበት መወጣጫ በሚስማርና በሽቦ ከታሰረ የባሕር ዛፍ አጣና የተሠራ ሲሆን ከላዩ ሁለት ጣውላ ተጋድሞበታል። አንደኛው ጣውላ ተንሸራተተ፤ ሰውየውም አብሮ ወረደ።

«ማን ነው የቀጠረህ?» አልኩት።

«የአገሬ ልጅ ነው፤ ለሳኑን በካሬ ይዞት።»

«እሱንስ ማን ሰጠው?»

«አንድ የማጠናቀቂያ ሥራ የያዘ ሰው። ስሙን አላውቀውም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪና ይመጣ ነበር።»

ከዚያ በላይ ደግሞ ዋናው ኮንትራክተር አለ፤ ከሁሉም በላይ የሕንፃው ባለቤት። የአገሩ ልጅ በወደቀ ቀን በታክሲ ሆስፒታል አድርሶት፣ 5,000 ብር ትራሱ ሥር አስቀምጦለት፣ በሳምንቱ ስልኩን ዘጋ። ወንድሙ ወደ ሕንፃው ሲሄድ የጥበቃ ሠራተኛው በሩን ገርበብ አድርጎ «እንዲህ የሚባል ሠራተኛ አናውቅም» አለው።

ብዙ ሰው የአገራችን ሕግ ለተጎዳ ሠራተኛ ምንም እንደማይሰጥ ያስባል። እኔ ደግሞ ተቃራኒውን እላለሁ፤ ሕጉ ለጋስ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ሠራተኛው «መወጣጫው በደንብ አልታሰረም፣ ጣውላው የበሰበሰ ነበር» ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። በሥራ ላይ ሳለ መጎዳቱን ካሳየ በቂ ነው። የሕክምናው ወጪ፣ ሰው ሠራሽ አካል ካስፈለገም እሱ ጭምር የአሠሪው ዕዳ ነው። በጉዳቱ ምክንያት መሥራት በማይችልበት ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ላሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ለቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል። ጉዳቱ ቋሚና ሙሉ ሆኖ ሠራተኛው በጡረታ ካልተሸፈነ የአምስት ዓመት ደመወዙ በአንድ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከፊል ከሆነ ደግሞ የሕክምና ቦርድ በወሰነው መቶኛ ተሰልቶ። ከሞተም ገንዘቡ ለጥገኞቹ ይከፋፈላል። የሥራ ክርክር ችሎት ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አያስከፍልም፤ ጉዳዩንም በ60 ቀናት ውስጥ እንዲወስን ታዝዟል።

ይህ ሁሉ ግን የተንጠለጠለው «አሠሪው» በምትለው አንዲት ቃል ላይ ነው።

በግንባታ ቦታ አሠሪ እንደ ሽንኩርት ነው። አንዱን ስትልጡት ሌላ አለ፤ መሐሉ ስትደርሱ ባዶ ነው። ሥራውን በእጅ ዋጋ የያዘው ሰው ራሱ ትናንት አካፋ የያዘ ሠራተኛ ነው፤ ብትከሱት የሚከፍለው የለውም። ከበላዩ ያለው «እኔ የተዋዋልኩት ከእሱ ጋር ነው» ይላል። ዋናው ኮንትራክተር የንዑስ ሥራ ተቋራጩን ውል ያወጣል። ባለቤቱ ደግሞ ከኮንትራክተሩ ጋር የፈረመውን። ሁሉም ውል አለው፤ ውል የሌለው የወደቀው ሰው ብቻ ነው።

የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይህ ነገር በዓይኔ ፊት ሲበዛ አይቻለሁ። በየመንገዱ ዳር ያሉ ሕንፃዎች ፊታቸውን እንዲያድሱና ቀለም እንዲቀቡ ሲታዘዝ ጊዜው አጭር ነበር፤ ቀለም ቀቢዎችም በአንድ ጊዜ ተፈለጉ። ባለሕንፃው «ይህን ፊት በስንት ትቀባልኛለህ?» ብሎ በቁርጥ ዋጋ ይስማማል። ቀቢው ብሩሹንም ገመዱንም ራሱ ያመጣል። በዚህ ጊዜ አዋጁ ራሱ ጀርባውን ያዞርበታል፤ ምክንያቱም በራሱ ሙያዊ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራን ሰው ሠራተኛ ብሎ አይቆጥረውም። አምስተኛ ፎቅ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚቀባ የሃያ ዓመት ልጅ «የራሱ ድርጅት ባለቤት» ተደርጎ ይታያል ማለት ነው። ይህን ለእናቱ እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም።

በዚህ ላይ ስሌቱ አለ። አንድ የለሳን ሠራተኛ በቀን 600 ብር ያገኛል እንበል። በወር 26 ቀን ቢሠራ 15,600 ብር፣ በዓመት 187,200 ብር ነው። የአምስት ዓመቱ 936,000 ብር ይመጣል። የሕክምና ቦርዱ 30 በመቶ ጉዳት ቢል 280,800 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። አሁን ደግሞ አሠሪው ግብር ለመሸሽ በደመወዝ መክፈያ ሰነዱ ላይ 4,000 ብር ብሎ ጽፎት ቢሆንስ? ያው 30 በመቶ 72,000 ብር ይሆናል። ሠራተኛው ቅዳሜ ማታ ገንዘቡን ሲቀበል በችኮላ የፈረማት መስመር ከእግሩ ዋጋ ላይ ከ200,000 ብር በላይ ቀነሰችበት።

በመቶኛው በራሱ ላይ ሌላ ቅሬታ አለኝ። ቦርዱ መቶኛውን የሚያወጣበት ሠንጠረዥ የሚለካው አካልን ነው፤ ቁርጭምጭሚት ይህን ያህል፣ ጉልበት ይህን ያህል እያለ። ለጸሐፊ 30 በመቶ የሆነ እግር መሰላል ላይ ለሚኖር ሰው መቶ በመቶ ነው። ደንበኛዬ ከለሳን ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፤ ሁለተኛ ደግሞ መወጣጫ ላይ አይወጣም።

አሠሪዎች ችሎት ቀርበው የሚያነሱት መከላከያ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ቀበቶ ታጠቅ ተብሎ አልታጠቀም።» አዋጁ በግልጽ የተሰጠ የደህንነት መመሪያን በግልጽ የጣሰ ወይም ሰክሮ ሥራ የገባ ሠራተኛ ራሱን ሆን ብሎ እንደጎዳ ይቆጥራል፤ ስለዚህ ይህች ክርክር ተቀባይነት ካገኘች ካሳው ሁሉ ዜሮ ነው። ዳኞች እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ እንዲጠይቁ እመኛለሁ። ቀበቶው የት ነው የሚንጠለጠለው? የአጣና መወጣጫ ላይ ቀበቶ ታጥቆ መንጠቆውን እዚያው አጣና ላይ የሰካ ሰው፣ አጣናው ሲወድቅ ከነቀበቶው ይወድቃል። መመሪያ የሚባለው መሣሪያው ሲኖር፣ ማሰሪያ ቦታው ሲኖርና አጠቃቀሙን ያሳየ ሰው ሲኖር ነው፤ አዋጁም በአንቀጽ 92 ይህንን ማሟላት የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ «ደህንነት ይቅደም» የሚል ጽሑፍ መመሪያ አይደለም።

አጣናን በተመለከተ ብዙ ማለት አልፈልግም። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለግንባታ የቆመው የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ከ30 በላይ ምዕመናን አልቀዋል። እነሱ ለክብረ በዓል የመጡ እንጂ ሠራተኞች አልነበሩም። እንጨቱ ግን በየሰፈራችን ሠራተኛ በየቀኑ የሚወጣበት ዓይነት እንጨት ነው። በብረት መወጣጫና በሞተር በሚወጣና በሚወርድ ቅርጫት የሚሠሩም አሉ፤ አዲስ አበባ ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ የቆመባት ከተማ ናትና። አደጋው እዚያም አለ፤ ልዩነቱ እዚያ ብዙውን ጊዜ ኢንሹራንስና የሚታወቅ ድርጅት መኖሩ ነው።

የእኔ ሐሳብ አዲስ አይደለም። የኒውዮርክ ግዛት ከ1885 ጀምሮ እንዲህ ያለ ሕግ አላት። የሠራተኛ ሕጓ አንቀጽ 240 መወጣጫ፣ መሰላልና መሰል ነገሮች ላይ ሲሠራ በቂ ጥበቃ ሳይደረግለት ወድቆ ለተጎዳ ሠራተኛ የሕንፃውን ባለቤትና ዋናውን ኮንትራክተር በቀጥታ ኃላፊ ያደርጋል። ሠራተኛውን የቀጠረው ሌላ ሰው ነው የሚለው መልስ እዚያ አያድንም። ኮንትራክተሮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች «ወጪያችንን አናረው» እያሉ ዛሬም ይጮኹበታል፤ ሕጉ ግን አለ። ከዚህ ኃላፊነት ነፃ የሆነ ሰውም አለ፤ አንድ ወይም ሁለት ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ባለቤት፣ ሥራውን ራሱ እስካልመራ ድረስ። ጎጆዋን የምታሳድስ ጡረተኛ እናት በዚህ ሕግ አትጠየቅም።

በእኛም አዋጅ አንድ ንዑስ አንቀጽ ቢጨመር ይበቃል። ከፍታ ላይ በሚሠራ ሥራ ለደረሰ ጉዳት የሕንፃው ባለቤትና ዋናው ኮንትራክተር ከቀጣሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ይሁኑ፤ ማለትም ተጎጂው ከመካከላቸው የፈለገውን አንዱን ለሙሉው ካሳ መጠየቅ ይችል፤ ለተጎዳው ከከፈሉ በኋላ ከበታቻቸው ያለውን ተቋራጭ እነሱ ይፈልጉት። ስልክ የዘጋ ሰውን ማሳደድ ክራንች ለያዘው ሳይሆን ጠበቃና መኪና ላለው ይሰጥ። ያን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ «ይህን አጣና ማን አቆመው?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። የሠራተኞች ጉዳት ኢንሹራንስም ከግንባታ ፈቃድ ጋር አብሮ የሚቀርብ ሰነድ ይሆናል።

«የግንባታ ዋጋ ይጨምራል» የሚሉኝ መሐንዲስ ወዳጆች አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ይጨምራል። ዛሬም ግን ዋጋው እየተከፈለ ነው። ለደንበኛዬ ሕክምና የከፈለው ወላይታ ያለ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ በሬውን ሸጦ።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ የወደቀ ሰው ምን ይያዝ? የጽሑፍ ውል የለኝም ብሎ የሚተው ብዙ ነው። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ እንዲሰጥ ያዛል፤ ባይሰጥ መብቱ የሚጎድለው የሠራተኛው አይደለም። የቴሌብር የክፍያ መልእክቶች፣ መወጣጫው ላይ ሆኖ የተነሳው ፎቶ፣ አብረውት የሠሩ ሁለት ምስክሮች፣ የፎርማኑ ደብተር፤ እነዚህ ሁሉ ማስረጃ ናቸው። የሆስፒታሉ ካርድ ላይ «ከፍታ ላይ ሲሠራ ወድቆ» ተብሎ መጻፉን በዚያው ቀን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ «መሬት ላይ ወድቆ» ተብሎ ተጽፎ ዓመት ሙሉ የተሟገትኩበት ጉዳይ አለኝ። ጊዜም አለ። ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ክስ በመርህ ደረጃ በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ቆጠራው ከወደቀበት ቀን ነው ወይስ ቦርዱ መቶኛውን ካሳወቀበት ቀን የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ የተጎዳ ሰው ግን በዚህ ክርክር ላይ ዕድሉን ባይሞክር ይሻላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ላለ ኃላፊነት ሁለት ዓመት ይሰጣል፤ በዚያ በር የሚገባ ግን በአብዛኛው የሌላውን ጥፋት ማስረዳት አለበት።

ደንበኛዬ የመጣው በወደቀ በአሥራ አንደኛው ወር ነው። በአራት የታጠፈውን ወረቀት ገለጥኩት። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘውት የመጡትና በአውራ ጣቱ የፈረመበት ነበር። «በሕንፃው ላይ ለሳን በመሥራት ላይ ሳለሁ ለደረሰብኝ ጉዳት 20,000 ብር ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ይላል። ከግርጌው የሕንፃው ባለቤት ተወካይ ፊርማና ማኅተም አለ። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ «ይህ ነው ያበላሸብኝ አይደል?» አለኝ።

ከዚያ ሁሉ ሰነድ ውስጥ እዚያ መሥራቱን የሚናገር ሌላ አንድም ወረቀት አልነበረም። ማስረጃ ቁጥር 1 ብዬ ከክሱ ጋር አያያዝኩት።