«ሰበር ወስኗል!»

ጎንደር ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ ራፖር ጸሐፊዎቹ ከተቀመጡበት ደጃፍ ጥቂት ቆሞ ያዳመጠ ሰው በከተማችን የሕግ ዕውቀት መገረሙ አይቀርም። «ሰበር ወስኗል!» ይባላል፣ የመጨረሻውን የሕግ ትርጉም የሚሰጠው የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ማለት ነው፤ አለቀ። በስንት መዝገብ? መቼ? ብሎ የሚጠይቅ ነገር ፈላጊ ነው።

የጥንቶቹ ሊቃውንት ያሳዝናሉ። የፍትሐ ነገሥቱን 51 አንቀጽ ከነትርጓሜው ሲያጠኑ ዕድሜያቸውን ፈጁ፤ ሲጠቅሱም አንቀጹን ይጠሩ ነበር። «ፍትሐ ነገሥት ብሏል» ብሎ መገላገል እንዴት አልታያቸውም?

ለነገሩ የመዝገብ ቁጥር መጻፍ ጣጣው ብዙ ነው። ተከራካሪው ፈልጎ ያገኘዋል፣ ያነበዋል፣ የተባለው እንዳልተባለም ይደርስበታል። «የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ሰ/መ/ቁ. (የሰበር መዝገብ ቁጥር) 21448፣ ቅጽ 4» ብሎ ጀምሮ ቀኑንና ገጹን ማስከተል ለጠላት መንገድ ማሳየት ነው። ደግሞ ይህንን መዝገብ የማያውቅ ማን አለ? የቤት ሽያጭ ውል በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውለው አካል ፊት ካልተደረገ አይጸናም፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723። ችሎቱ ኋላ ላይ «ሻጩ ውሉን ካልካደስ?» ለሚለው የተለየ መልስ መስጠቱ ግን ወሬው እኛ ዘንድ አልደረሰም። የዚያኛውን መዝገብ ቁጥር እኔም አልጽፈውም፤ የአገር ወግ ላፈርስ ነው?

የአነባበባችን ነገር ደግሞ ለብቻው ሊመሰገን ይገባል። የሰበር ውሳኔዎች የታተሙበትን ቅጽ ከፍቶ ማውጫው ላይ ያለችውን ሁለት ሦስት መስመር ማየት ይበቃል። ፍርዱን ያነበበ ሰው መጀመሪያ የሥር ፍርድ ቤቶችን ሐተታ፣ ቀጥሎ የአመልካችን ቅሬታና የተጠሪን መልስ ካሳለፈ በኋላ ነው «እኛም መርምረናል» የሚለው ዘንድ የሚደርሰው። ትርጉሙ ያለው ከዚያ ወዲህ ነው። የእኛ ሰው ግን አይዳክርም፤ ከአመልካች ቅሬታ ላይ ደህና አንቀጽ ቆርጦ «ሰበር እንዳለው» ይላል። ጎበዙ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሰፈረውን የልዩነት ሐሳብ ያመጣል። በድምፅ የተሸነፈው ዳኛ ጎንደር ላይ ይረታል!

ሕጉ ተሽሯል የሚሉ ቅንጡዎችም አሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/1996 በ1156/2011 ቢተካ ምናለበት? ሠራተኛው ያው ሠራተኛ ነው። የክልላችን የገጠር መሬት አዋጅ 133/1998 ለ252/2009 ቦታውን ከለቀቀ ወዲህም የቀድሞውን አንቀጽ ስናነብ መሬቷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ለፍቺ ክርክር የፌዴራሉን የቤተሰብ ሕግ 213/1992ን የተረጎመ ውሳኔ ይዞ መቅረብማ የተለመደ ነው። ያ ሕግ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነው፣ አማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ 79/1995 አለው የሚል ቢመጣ፣ ጋብቻ እዚህም እዚያም ጋብቻ ነው ይባላል። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን አስቀምጦ ቃላቸው አንድ መሆኑን ማየት ዓይን ያደክማል።

ፈልጌ አጣሁ የሚለው ሰውዬ ግን እውነት አለው። ስልኩ ላይ «ኃላፊነት» ብሎ ጻፈ፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው «ሃላፊነት» ነው። ወይም ገጹ እንደ ፎቶ የተነሳ ነው፤ ያም ባይሆን በድሮው የኮምፒውተር የግዕዝ ፊደል የተተየበ ስለሆነ ማሽኑ የሚያየው ዝብርቅርቅ ምልክት ነው። በፊደል የጠፋው ብዙ ጊዜ በመዝገቡ አኃዝ ይገኛል፤ አኃዙ ግን ከመጀመሪያውም አልተያዘም። በፎቶ የተነሳ ቅጽ ሲሆን ደግሞ ማውጫውን በጣት እየተከተሉ መውረድ ነው፣ ውል ከውል፣ ውርስ ከውርስ። ይህ የተማሪ ሥራ ነው። ከቴሌግራም የመጣች፣ ከላይ ቁጥሯ ከታች ቀኗ የተቆረጠ ስክሪንሹት እያለች ማን ይደክማል?

ዳኛው «ቁጥሩን ይዘው ይቅረቡ» ብለው ቀጠሮ ሲሰጡ ባለጉዳዩ ይከፋዋል። ጠበቃው ግን ወጣ ብሎ ያጽናናዋል፦ «አይዞህ፣ በዚህ ላይ እኮ ሰበር ወስኗል፤ ባለጉዳይ ቁጥር ካልያዘ ዳኛው ቀጠሮ ይስጡ ብሎ!»