ኮሌስትሮል ሲቀንስ ሁሌም እሰየው አይባልም

የኮሌስትሮል ውጤት ሲመጣ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከፍ ብሏል ወይስ አላለም? ዝቅ ካለ እፎይ ብለን ወረቀቱን እናጥፋለን። ለልብና ለደም ሥር ሲሆን ልክ ነው። ሊምፎማ ለያዘው ሰው ግን ያው ዝቅተኛ ቁጥር መጥፎ ወሬ ሊሆን ይችላል። ይህን ወሬ ቸል ማለታችን ያሳስበኛል።

ሊምፎማ ሊምፎሳይት ከሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ፣ በፍጥነት የሚያድገው የትልልቅ ቢ ሴሎች ሊምፎማ፣ በብዛት የሚታይ ነው። ብዙዎች ታክመው ይድናሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ታዲያ ማን ይከብደዋል? በዚህ ሕመም ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው ያዩት ነገር አለ። ሕመሙ ሲታወቅ «ጥሩው ኮሌስትሮል» የምንለው ኤችዲኤል ዝቅ ያለባቸው ሰዎች በአማካይ ውጤታቸው የከፋ ነው። በአንዳንዶቹ ጥናቶች «መጥፎው»፣ ኤልዲኤልም፣ እንደዚያው ሆኖ ተገኝቷል። ሕክምናው ሠርቶ ዕጢው ሲጠፋ ደግሞ ቁጥሮቹ መልሰው ከፍ ይላሉ።

ምክንያቱ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። የካንሰር ሴል ያለ ዕረፍት ይባዛል። አዲስ ሴል ሁሉ ሽፋን ይፈልጋል፤ ሽፋኑ ያለ ኮሌስትሮል አይሠራም። ስለዚህ ከደም ላይ ይወስዳል። በዚያ ላይ ዕጢው ሰውነትን ያስቆጣል። እንደ ኢንተርሉኪን 6 ያሉ መልእክት አድራሽ ፕሮቲኖች ሲበዙ ኤችዲኤል ይወርዳል። የምግብ ፍላጎት ሲጠፋና ሰውነት ሲከሳ ይብሳል።

ልብ በሉ፤ ዝቅ ማለቱ ምልክት እንጂ መንስኤ አይደለም። ቅባት በብዛት በልቶ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ሊምፎማን አያክምም። የታዘዘለትን ስታቲን (ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት) በራሱ ፈቃድ የሚያቆም ሰውም ልቡን ለአደጋ ያጋልጣል።

ሐኪሞች የዚህን ሊምፎማ ክብደት የሚመዝኑበት የታወቀ መለኪያ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። አምስት ነገሮችን ያያል፦ ዕድሜ ከ60 በላይ መሆኑን፣ የሕመሙን ደረጃ፣ ኤልዲኤች የሚባለውን ኢንዛይም፣ የታማሚውን አቅም፣ ከሊምፍ ዕጢዎች ውጭ የተነኩ ቦታዎችን ብዛት። ጥሩ መለኪያ ነው፤ ይተካ አልልም። ኮሌስትሮል ግን እዚያ ውስጥ የለም። ለኤልዲኤች ደም በሚቀዳበት ጊዜ ኮሌስትሮሉንም አብሮ ማየት ይቻላል፤ ምርመራው ርካሽ ነው፤ በየላብራቶሪው አለ። እንዲህ ያለውን ቀላል መረጃ መተው አይገባኝም።

የውጤት ወረቀቱም ያዘናጋል። ብዙ ጊዜ ከጠቅላላ ኮሌስትሮል ጎን «ከ200 በታች» ይላል። ስለዚህ 110 የመጣለት ሰው «ኖርማል» ተብሎ ይሸኛል። ከጥቂት ወራት በፊት 190 ከነበረ፣ ምን አወረደው ብሎ የሚጠይቅ ያስፈልጋል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ከኬሞቴራፒው ጋር የሚሰጠው ፕሪድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ ኪኒን የደም ቅባትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ኪኒኑ ከተጀመረ በኋላ የተለካ ቁጥር ሐኪሙን ሊያሳስት ይችላል። የመጀመሪያው ልኬት መወሰድ ያለበት ከዚያ በፊት ነው፤ ታማሚውም ሕክምና ሳይጀምር «ኮሌስትሮሌ ታይቷል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።