ገብሱ ከተመታ ሰዉ እንዴት ደኅና ይሆናል?

ሰሞኑን የሰሜን ሸዋን ደጋ ስለመታው ውርጭ በተነሣ ውይይት ላይ አንድ ተናጋሪ ጉዳቱ የሰብል ብቻ እንደሆነ፣ በሰው ላይ ምንም እንዳልደረሰ አስረዱን። አልበቃቸውም፤ ዓለም እየሞቀች ከሆነ ውርጩ ከየት መጣ ብለው አዳራሹን አሳቁት። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

መልሱን የመንዝ ገበሬ ያውቀዋል። ውርጭ በጥቅምትና በኅዳር ድሮም ይወርዳል። የተዛባው ዝናቡ ነው። ክረምቱ ሲዘገይ ዘሩ ይዘገያል፤ ድሮ ውርጭ ከመውረዱ በፊት ለማጭድ ይደርስ የነበረው ገብስ አሁን ገና እሸት ሳለ ይመታል። መኸሩ ሲከዳ ደግሞ የበልጉ ገብስ ቤቱን ያነሣው ነበር፤ ዛሬ በልግን አምኖ ዘር መበተን ቁማር ሆኗል። ይህን ሳያውቁ መድረክ ላይ መውጣት ድፍረት ነው።

«ሰው አልተጎዳም» ወደሚለው ልመለስ። ኅዳር ላይ አንዲት እናት ከማሳቸው የገብስ ዛላ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹና እፍ አሉት። ገለባው በነነ፤ መዳፋቸው ላይ አንዲት ፍሬ አልቀረችም። እጃቸውን እንደዘረጉ ብዙ ቆዩ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ለዘር የተቀመጠው ይበላል። በጎቹ ገበያ ይወጣሉ፤ ጎረቤቱም ሁሉ በዚያው ቀን በጉን እየነዳ ስለሚወጣ ዋጋው ይወድቃል። ልጅቱ ትምህርቷን አቋርጣ አዲስ አበባ ሰው ቤት ትገባለች። ታላቅ ወንድሟ ለቀን ሥራ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርድና ደጋ ያደገው ሰውነቱ የማያውቀውን ወባ ይዞ ይመለሳል። ቢሞት መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ወባ ነው። ውርጩ ከደሙ ነጻ ይወጣል! ሰው አልተጎዳም የሚባለው እንዲህ ተቆጥሮ ነው።

ዝናብን ማንም ባለሥልጣን አያዘንብም፤ ይህን አልክድም። ዓለምን ያሞቀውም የእኛ ገበሬ አይደለም፤ የአገራችን የበካይ ጋዝ ድርሻ ከዓለም አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። በ2022 እ.ኤ.አ. ግብፅ ሻርም ኤል ሼክ ላይ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ የአየር ንብረት ለውጥ በድሃ አገሮች ላይ ለሚያደርሰው ጉዳትና ኪሳራ የሚውል ፈንድ እንዲቋቋም የተወሰነውም ለዚህ ነው። ታዲያ ገንዘቡን ስንጠይቅ ምን ብለን እንጠይቅ? በሄክታር ብቻ? የራሳችን ሰዎች ያልቆጠሩትን ሰው ማን ይቆጥርልናል?

የጉዳት መመዝገቢያው ቅጽ ላይ ከሄክታሩ ጎን ትምህርት ያቋረጠው ልጅ ይጻፍ። ከቤት የወጣው ይጻፍ። ዘሩን የበላው ቤተሰብ ይጻፍ። ለእኒያ እናትም የገብስ ዘር ከሰኔ በፊት ይድረስላቸው፤ ሐምሌ ላይ ከመጣ ያው ውርጭ እንደገና እሸቱን ያገኘዋል።